ቅቤ የነካው ላስቲክ

«ያዢውማ» አለችና ሙቢና ጥቅሉን ወረወረችላት።

ሮሐ ከባድ ነገር የምትቀበል መስሏት ሁለት እጇን ዘረጋች። ጥቅሉ ግን እንደ ባዶ ፌስታል ቀልሎ ደረቷ ላይ አረፈ።

«ምንድነው?»

«ድንኳን። ለሁለት ሰው።» ሙቢና ሒጃቧን እያስተካከለች ሳቀች። «ክብደቱን አየሽው? ከሒሳብ መጽሐፋችን ይቀላል። ወላሂ፣ ሚዛን ላይ አድርገነዋል።»

የዕረፍት ሰዓት ነበር። የክፍሉ ልጆች ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተሰበሰቡ። ሙቢናና የክፍላቸው ልጅ ኤፊ በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ወጠሩና ጥቅሉን ፈተው ጣል አደረጉበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ግን ጠንካራ ላስቲክ ነው፤ ሁለት ቁራጭ መሃል ለመሃል በካርቶን ፕላስተር ተያይዟል። ጠርዙም ዙሪያውን በፕላስተር ተለብጧል። ማዕዘኖቹ አልተበሱም። በቀዳዳ ፋንታ ጠጠር በላስቲኩ ተጠቅልሎ አንገቱ በሲባጎ ታስሯል፤ ንፋስ ሲጎትተው እንዳይቀደድ። መያዣ ቦርሳው ከማዳበሪያ ጆንያ የተቆረጠ ነው፤ ማንገቻው ደግሞ ደራርበው የለጠፉት ፕላስተር።

«ሙቢና፣ ጭላሎ ተራራ ላይ ማዳበሪያ ልትበትኚ ነው እንዴ?» አለ ኦብሳ ጆንያውን እያየ። ክፍሉ ውስጥ እሱ ሳያሾፍበት የሚያልፍ ነገር የለም።

«አንተ ላይ ነው የምበትነው። ምናልባት ቁመት ብታወጣ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ኦብሳ ራሱ ከድንኳኑ ሥር ገብቶ ተጋደመ። እግሩን ዘረጋ፤ ቀና ብሎ ቅጠሎቹን በላስቲኩ ውስጥ አያቸው። ከዚያ በቁም ነገር «አሪፍ ነው አቦ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሙቢና ፕላስተር ብለንሻል።»



ፕላስተር የሮሐ ስም ነበር። እናቷ አሰፋች አሰላ ገበያ ውስጥ ላስቲክ በሜትር ትሸጣለች፤ ጆንያና ገመድም አላት። ሮሐ ከሱቁ በሚተርፍ ቁራጭ የልጆቹን ደብተር ስትሸፍን፣ የተቀደደ ዣንጥላ ስትጠግን፣ አንድ ጊዜ የቲቸር እንደሻውን የመነጽር እጀታ ሳይቀር ስታያይዝ ነው ያደገችው። ልጆቹ «ሮሐ ፕላስተር» ሲሏት ትቆጣ ነበር። የቁስል ፕላስተር አስመሰላችሁኝ እያለች ታኮርፋለች። አሁን ግን ስሙ ከሷ ላይ ተነሥቶ ሌላ ሰው ላይ ሲለጠፍ፣ ከቆዳ ጋር የተላጠ ያህል አመማት።

ደግሞ ድንኳኑ መጀመሪያ የሁለቱ ነበር። ቲቸር እንደሻው የተፈጥሮ ክበቡ ጭላሎ ተራራ ወጥቶ እንደሚያድር ሲናገሩ፣ ያለው ሸራ ድንኳን አንድ ብቻ ስለሆነ የራሱን መሥራት የሚችል ቢሠራ ጥሩ ነው ብለው ነበር። ሙቢና ያኔውኑ «እኔና አንቺ እንሥራ» አለቻት። ሮሐ «የሚቀጥለው ሳምንት» አለች። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ «ፈተናው ይለፍ» አለች። ሙቢና ስትለምናት ደስ ይላት ነበር። መቀስ በቅጡ መያዝ የማትችል ልጅ፣ ያለኔ የት ትደርሳለች ብላ ነበር። በመጨረሻ ሙቢና መለመኑን ተወችው፤ ሮሐም ተናዳ «እኔ በትልቁ ድንኳን ነው የማድረው» አለች። ሙቢና ከኤፊ ጋር ሆና ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየች ሠራችው።

«ሮሐ፣ እስቲ አንቺ እዪው» አለች ሙቢና አሁን። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ምን ይጎድለዋል?»

ሮሐ ወደ ድንኳኑ ተጠጋች። አንድ ስህተት ባገኝበት ብላ ነው የተጠጋችው፤ ይህን ማንም አላወቀም። ጠርዙን ጎተተችው፤ ያዘ። ጠጠሮቹን ነቀነቀቻቸው፤ ያዙ። መሃሉን፣ ሁለቱ ላስቲኮች የተጋጠሙበትን፣ በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ግን ከፕላስተሩ ሥር ነጣ ነጣ ያሉ አረፋዎች አየች። ጥፍሯን ወደ ጫፉ አስገባች። ፕላስተሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ዝም ብሎ ተነሣ። በደንብ የያዘ ፕላስተር ሲላጥ ይጮኻል፤ ይህ አልጮኸም። ጣቷን አሸተተችው። ቅቤ ነው።

ወዲያው ገባት። ሙቢና በዚህ ሳምንት ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታለች፤ የጭላሎ ብርድ ራሷን እንዳይመታት ብላ እናቷ ናት የቀባቻት። ቅቤው በግንባሯ ሲወርድ በእጇ እየጠረገች፣ በዚያው እጇ ላስቲኩን ስታያይዝ ታየቻት። ቅቤ የነካው ላስቲክ ፕላስተር እንደማይቀበል ሮሐ ከገበያ ታውቃለች። ቅቤ ሻጮች የተቀደደ ላስቲካቸውን ሊያስጠግኑ ሲያመጡ፣ እናቷ በሳሙና አሽታ አጥባ ካላደረቀችው በቀር ፕላስተር አታስነካውም። ቅቤው ለዓይን አይታይም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ውሃ ሲያገኘውና ንፋስ ሲጎትተው ነው ከዳር እስከ ዳር የሚተረተረው።

«እ?» አለች ሙቢና። ጥፍሯን እየነከሰች ነበር።

ሮሐ ያነሣችውን ጫፍ በአውራ ጣቷ መልሳ ተጫነችው።

«ምንም አልጎደለውም» አለች። «አሪፍ ነው።»

ሙቢና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አቀፈቻት። ከሒጃቧ ሥር ቅቤ ቅቤ ትላለች።

ከትምህርት ቤት መልስ ሮሐ እናቷን ልታግዝ ገበያ ወረደች። ብዙም ሳትቆይ ሙቢናና ኤፊ መሬት ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ ሊገዙ መጡ።

አሰፋች ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች። ፊደል ያለበት ነገር ካየች ሳታነብ አታልፍም፤ የሳሙና ካርቶን ይሁን የባጃጅ ጀርባ። የጆንያው ቦርሳ ላይ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር የተለጠፈ ጽሑፍ ስታይ ሜትሩን አስቀመጠች። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እየወሰደች ማንበብ ጀመረች።

«ሙ… ቢ… ና።» ቀና ብላ ሮሐን አየቻት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ያወቀች መስሏት ፈገግ አለች። ወደ ጽሑፉ ተመለሰች። «እና… ኤ… ፊ።» ፈገግታዋ መሄጃ አጣ። «ኤፊ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለች ኤፊ።

«እሰይ የኔ ልጅ። ስምሽ ለማንበብ አይከብድም።»

ሮሐ ወደ ገመዶቹ ዞራ ምንም ያልተዘበራረቀ ጥቅል ፈታ እንደገና መጠቅለል ጀመረች። ሙቢና ከኋላዋ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በትልቁ ድንኳን ነው የማድረው ስላልሽ እኮ ነው…»

«ምን አገባኝ? ስም ነው።»

አሰፋች ላስቲኩን እየለካች አንገቷን ወደ ተራራው በኩል ሰገግ አደረገች። የጭላሎ አናት አይታይም፤ ደመና ለብሷል። «ዝናቡ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ» አለች። «በልግ ነው። እዚያ ላይ ሲዘንብ ደግሞ በረዶ ቀላቅሎ ነው። ሙቢና፣ እናትሽ ፈቀደችልሽ?»

«ገና ናት እትዬ አሰፋች። ላስቲክ በፕላስተር ለጥፈሽ ተራራ ላይ ልትተኚ ነው ወይ እያለች ነው።»

«እውነቷን እኮ ነው።» አሰፋች ወደ ልጇ ዞረች። «ሮሐ፣ አንቺ አይተሽዋል አይደል? ይይዛል?»

በሌላ ነገር ሁሉ እናቷ እንደ ልጅ ነው የምታያት፤ ሹራብ ደርቢ፣ ጉንፋን እንዳይዝሽ፣ ከመንገድ ዳር ሂጂ። ላስቲክ ላይ ሲደርሱ ግን የምትጠይቃት እንደ ሥራ ባልደረባዋ ነው። ኤፊና ሙቢናም መልሱን እየጠበቁ ነው። ቦርሳው ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል።

«ይይዛል» አለች ሮሐ።

«በቃ። እሷ ካለች ነው።» አሰፋች ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ ደወለች። «አሎ፣ ፋጡ? አከም፣ ደህና ነሽ? ስለ ልጆቹ ነበር። እኔም እንዳንቺው ስጨነቅ ነው የዋልኩት። ግን የእኔዋ ድንኳኑን አይታዋለች፤ ይይዛል ብላለች። አዎ፣ ሮሐ ራሷ። በሷ እጅ ያለፈ ላስቲክ አፍስሶ አያውቅም… እሺ። እሺ እህቴ።» ስልኩን ዘጋች። «ፈቅዳልሻለች።»

ሙቢና ከኤፊ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሮሐን «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» አለቻት።

ያን ማታ ሮሐ ተራራውን በሐሳቧ ወጣችው። ዝናብ ይመጣል። ድንኳኑ መሃሉ ላይ ይከፈታል። ሙቢና በስብሳ ወደ ትልቁ ድንኳን ትሮጣለች፤ ሮሐም ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅላታለች፤ ብርድ ልብሷን ታካፍላታለች። ኦብሳ «ሮሐ ሠርታው ቢሆን ኖሮ» ይላል። ይህን እያሰበች ፈገግ ማለቷ ለራሷም ታወቃት። ሐሳቡ ግን እዚያ ላይ ቁም ሲሉት አልቆመም። ሙቢና ትንቀጠቀጣለች። ኤፊ ታለቅሳለች። እናቷ ስልክ ይዛ «እሷ ካለች ነው» ትላለች።

አርብ ጠዋት ቲቸር እንደሻው የመጨረሻውን መመሪያ ሰጡ። ትልቁ ድንኳን ሜዳውን ስለሚይዘው የነሙቢና ድንኳን ወረድ ብሎ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ አጠገብ ይተከላል አሉ። «ትንሽ ራቅ ትላላችሁ፤ አትፈሩም መቼም?» ሲሏቸው ሙቢና «ቲቸር፣ ጅቡ ነው የሚፈራን» አለችና ክፍሉ ሳቀ። ሮሐ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሆና ለአንድ ደንበኛ ገመድ ስትቆርጥ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮውን ደብድቦት ብዙም ሳይቆይ አባራ። ሮሐ መቀሱን እንደያዘች ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደውን ውሃ ስታይ ቆየች።

አሁን ብትናገር የሙቢና እናት ታስቀራታለች። ሙቢና ትቀራለች፤ ሮሐ ትሄዳለች። ይህን ስታስብ ከውስጧ አንዱ ክፍል ደስ አለው። እውነቱን መናገሩ ራሱ ቅናት እንዳይሆንባት ፈራች። ብትናገርም ቅናት፣ ዝም ብትልም ቅናት። መቀሱን አስቀመጠች። ከመደርደሪያው አዲስ የካርቶን ፕላስተርና ደረቅ ጨርቅ አነሣች፤ እናቷ የቅቤ ሻጮቹን ላስቲክ የምታጥብበትን ሳሙናም ጨመረች።

«ወዴት ነው?» አለች አሰፋች።

«ሙቢና ጋ። ስመለስ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ልቤን አታንጠልጥይው።»

«ስመለስ እማዬ። ሰው አልታመመም።»

«ሹራብሽን ልበሺ እሺ» አለች አሰፋች፤ ዓይኗ ግን ሳሙናው ላይ ነበር።

የሙቢና እናት ፋጡ በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ። «ኮቱ፣ ግቢ። እናትሽ ደህና ናት? ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፤ አንቺ ባታዪው ኖሮ እኔ ይህችን ልጅ አለቅም ነበር።»

ሙቢና በረንዳው ላይ ካልሲ ስትጠቀልል ነበር። ሮሐን ስታይ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል» አለቻት።

«ድንኳኑን አውጪው።»

ሙቢና ጥቅሉን ከጆንያው ቦርሳ አወጣችው። ሮሐ ተንበርክካ በረንዳው ላይ ዘረጋችው፤ መሃሉን ፈልጋ የፕላስተሩን ጫፍ ያዘችና ሳበችው። ከዳር እስከ ዳር ያለ ድምፅ ተነሥቶ እጇ ላይ ቀረ።

«ቅቤ ነክቶታል» አለች። «ከጸጉርሽ ነው።»

ሙቢና የተለያዩትን ሁለት ላስቲኮች አየቻቸው። «መቼ ነው የለቀቀው?»

«አልለቀቀም። መጀመሪያውኑም አልያዘም።»

«ትናንት አይተሽው አልነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«እና አሪፍ ነው አልኩሽ።»

ሮሐ በመንገዷ ሁሉ ብዙ መልስ ስታዘጋጅ ነበር። እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰው ስለበዛ ነው። በኋላ ልነግርሽ ነበር። አሁን ሁሉም እንደ ተላጠው ፕላስተር የማይዙ መሰሏት።

«ቀናሁብሽ» አለች።

«በኔ?» ሙቢና ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣች፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ደብተሬን እንኳ የምትሸፍኚልኝ አንቺ ነሽ እኮ።»

«ለዚያ ነው።»

ፋጡ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች። «እንግዲህ ትናንት በስልክ የተነገረኝ ውሸት ነው» አለች።

«እናቴ አታውቅም አዴ ፋጡ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ማንም ይዋሽ። ሙቢና አትሄድም።»

ሙቢና ካልሲውን ወለሉ ላይ ለቀቀችው። አላለቀሰችም፤ ሮሐንም አላየቻትም። ሮሐ ደግሞ ውስጧ አንድ የታሰረ ነገር ሲላላ ተሰማት፤ ትንሽ ዕረፍት። ያን ዕረፍት ታውቀዋለች። ከየት እንደመጣም ታውቃለች። ስለዚህ ዕረፍቱ ሳያሸንፋት ቀድማ ተናገረች።

«ይስተካከላል። ሳሙናና ፕላስተር ይዣለሁ። አሁን እንሠራዋለን፤ ሲያልቅ ውሃ ያፍስሱበት። ካስገባ ያስቀሯት።»

«ማስገባቱን በምን አውቃለሁ?»

«ከሥሩ እኔ እተኛለሁ።»

ፋጡ ልጇንም ሮሐንም በየተራ አየቻቸው። ወደ ጓዳ ገባችና ሙቅ ውሃ በሳፋ ይዛ ወጣች።

ላስቲኩን በሳሙና አሹት፤ አለቀለቁት፤ ንፋስ እንዲነካው ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅለው በጨርቁ ደጋግመው አደረቁት። ሮሐ «እጅሽን ታጠቢ፤ ሒጃብሽንም ግንባርሽ ላይ ጠበቅ አድርጊው» ስትላት ሙቢና እንዳለቻት አደረገች። ከዚያ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሁለቱን ቁራጮች ደራረቧቸው። ሮሐ ፕላስተሩን ሳበች፤ ጥቅሉ ላይ ሲላጥ ግቢው ውስጥ ሁሉ የሚሰማ ጩኸት አወጣ። በአንድ በኩል ለጠፉ፤ ገልብጠው በሌላው ለጠፉ። «ያዢ» እና «ልቀቂ» ከመባባል ውጪ አልተነጋገሩም። አንድ ጊዜ ሙቢና ሳትጠየቅ አረፋውን በአውራ ጣቷ ከመሃል ወደ ዳር ገፍታ አወጣችው። ሮሐ ልታስተምራት የነበረውን ነገር ነበር። መናገሩን ትታ ቀጣዩን ፕላስተር ቆረጠች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ድንኳኑን ከማስጫው ገመድ ላይ ጣሉትና ማዕዘኖቹን በድንጋይ አሰሩ። ሮሐ ተሳበች፤ ገብታ በጀርባዋ ተጋደመች። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው። አዲሱ ፕላስተር ልክ ከፊቷ በላይ ያልፋል።

ፋጡ ውሃ በባልዲ ስታመጣ ሙቢና ተቀበለቻት። «እኔ ላፍስሰው» አለች።

የመጀመሪያው ውሃ እንደ ዶፍ ወረደ። ሮሐ ሳታስበው ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ውሃው በላስቲኩ ላይ በግራና በቀኝ እየተንሸራተተ ነው።

«ደረቅ ነው?» አለች ፋጡ ከውጭ።

«ደረቅ ነው።»

ሙቢና ሁለተኛውን ባልዲ አመጣች። ይህንን በቀስታ፣ መጋጠሚያውን ተከትላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አፈሰሰችው። ላስቲኩ ተንኳኳ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«በቃ» አለች ፋጡ። ድምፅዋ ላልቷል። «ብርድ ልብሱን ጨምሪና ቦርሳሽን ዝጊ። ነገ በጠዋት ነው የምትነሡት።»

ሙቢና ሳቀች። ሮሐ የሙቢናን ፊት በረጠበው ላስቲክ ውስጥ አየችው፤ ተለጥጦ፣ ቅርጹ ጠፍቶ፣ ግን ሳቅ እንደሆነ ይታወቃል። ሮሐ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ጠብታ ጆሮዋ አጠገብ የወደቀው። ከጥግ በኩል፣ መጋጠሚያው ከጠርዙ ጋር ከሚገናኝበት። ትንሽ ነበር። የራሷ ትንፋሽ ላስቲኩ ላይ ቀዝቅዞ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ውጭ ፋጡ ባልዲዎቹን ደራርባ ወደ ቤት መሄድ ጀምራለች። ሌላ ጠብታ መጣ፤ ከዚያው ቦታ።

«ሙቢና፣ ቆይ» አለች ሮሐ። «እዚህ ጋ ያስገባል።»

ሳቁ ቆመ። የባልዲዎቹ ድምፅም ቆመ።

«የቱ ጋ?»

ሮሐ እጇን ዘርግታ ቦታውን በጣቷ ከሥር ነካችው። ጥቂት ቆይቶ የሙቢና ጣት ከላይ መጥቶ እዚያው ላይ አረፈ።